የአንጮቴው ምስክርነት

በ1974 ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ወር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ የበጋው ፀሐይ የነቀምቴን ቀይ አፈር አድርቆት፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር አቧራው ከጨለለቂ ቁልቁለት እስከ ገበያው ድረስ ይንሳፈፍ ነበር። በዚያ ሳምንት በአንድ ማለዳ፣ ጓዶች በሁለት ላንድሮቨር መጥተው የወንጌላውያኑን ጸሎት ቤት አሸጉ። በወለጋ ክፍለ ሀገር በዚያ ዘመን ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘግተዋልና ነገሩ ለከተማው ሰው እንግዳ አልነበረም፤ አንዳንዱ የቀበሌ አዳራሽ ሆነ፤ አንዳንዱ የእህል መጋዘን ሆነ፤ ይኸኛው ግን ለምን ሥራ እንደሚውል ማንም ሳይወስን በሩ እንደ ታሸገ ዓመታት ቆመ።

ሰባኪው ዋቅወያ ጉሉማ በዚያች ሰዓት ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለው ጓሮ ጎንበስ ብሎ ጎመን ይቀነጥስ ነበር። ካድሬው «ተነሥ፤ ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ቢለው ቀና አለና፣ «ጌታዬ፣ ጎመኑን ለባለቤቴ አድርሼ ልምጣ፤ ካደረ አይበላም» ሲል መለሰ። ካድሬው የተቀለደበት መሰለው፤ ዋቅወያ ግን በሕይወቱ በምግብ ቀልዶ አያውቅም። ጎመኑን እንደ ታቀፈ ወደ ወህኒ ወረደ።

ከዚህ ላይ የዋቅወያን እምነት መግለጽ ያሻል፤ ሚስቱን ድርቤ ሞረዳን፣ ደርግ ካሰቃያት ባልተናነሰ ያሰቃያት ያ እምነት ነበርና። ዋቅወያ ያደረ ምግብ አይበላም። በምድረ በዳ ለእስራኤል የወረደው መና በየማለዳው ይለቀም እንደ ነበር፣ ሰስቶ ያሳደረው ሰው ግን ሲነጋ ትል ተሞልቶ እንዳገኘው ሁሉም ሰባኪ ያስተምራል፤ ዋቅወያ ግን ማስተማር አልበቃውም፤ ወደ ማጀት ይዞት ገባ። ሊጡ የሚያድር እንጀራ ስለሆነ እንጀራ ተወ፤ በየቀኑ የሚጋገር ቂጣ ይበላል። የትናንት ወጥ አይቀምስም። ቆጭቆጫው፣ ማለትም ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ካልተወቀጠ ቂጣውን ደረቁን ይቆረጥማል። «እግዚአብሔር የዛሬን በዛሬ ነው የሚሰጠው» ይላል። «የዛሬን በዛሬ የምወቅጠው እኔ ነኝ» ትላለች ድርቤ፤ እርሱ ግን አይሰማም፤ ወይም ሰምቶ አሜን ይላል፤ ይህ ደግሞ ይብሳል። ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅባት ነበር፤ ከገበታው የሚተርፈው ሁሉ ለውሻ ስለሚጣል በሰፈሩ ያሉ ውሾች ሁሉ ሲከሱ የድርቤ ውሻ እንደ ሙክት ወፍሮ ነበር።

ስለ በሽታም አሳቡ ያው ነው። ፈጣሪ ሰውን በምድር ላይ ከማኖሩ በፊት ቅጠሉንና ሥሩን አስቀደመ፤ እንግዲያስ የበሽታው ፈውስ ከበሽተኛው በፊት በጓሮ በቅሎ ይጠብቃል ባይ ነው። ለተሰበረ አጥንትና ለደከመ ሰውነት አንጮቴ አለ፤ ይህ በወለጋ ጓሮ በእንጨት ላይ የሚሳብ ሐረግ፣ ሥሩ ተቀቅሎ በቅቤ የሚበላ፣ ለአራስም ለስብራትም የሚሰጥ ነው። ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት አለ። ክኒንን ግን አይነካም፤ ክኒን ያደረ ብቻ ሳይሆን ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ ማን መቼ እንደ ሠራው የማይታወቅ ነው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ አልተማረውም። የበኩር ልጃቸው ነመራ በሰባት ዓመቱ፣ ከቤታቸው ርቆ በነበረ አንድ ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ፣ በኩፍኝ ምክንያት ዐርፏል። ከዚያ ወዲህ ዋቅወያ የመርፌ ሳህን ሲንቀጫቀጭ ከሰማ ወጥቶ ይሄዳል። ድርቤ ስለዚያ ቀን ተናግራ አታውቅም፤ እኛም አንናገርም።

በወህኒ ቤት እስረኛ የሚበላው ቤተሰቡ ያመጣለትን ነበር። የሌሎቹ ሚስቶች አንድ ጊዜ ጠንከር ያለ ስንቅ ቋጥረው በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቅ ይላሉ፤ ድርቤ ግን የእርሷ ባል ያደረ አይበላምና በየማለዳው ወቅጣ፣ ጋግራና ቀቅላ፣ አገልግሏን በነጠላዋ ሸፍና ዳገቱን ትወጣለች። በበሩ ላይ የሚቆመው የጎጃሙ ሰው ሃምሳ አለቃ ዘነበ ነበር። የበሩ ደንብ ምግብ ያመጣ ሰው ራሱ እንዲቀምስ ያዛል፤ በመርዝ የተጠረጠረ ባይኖርም ደንብ ደንብ ነው።

«ቅመሺ» ይላል ሃምሳ አለቃ።

ትቀምሳለች።

«ባልሽ ዛሬም ትኩስ ካልሆነ አልበላም አለ?»

«አለ።»

«እኔ ምስኪኑ ወታደር የሰኞን ለሐሙስ እበላለሁ፤ እስረኛው ግን እንደ ራስ ይቀማጠላል! ደግሞ በዚህ ላይ ተጨቆንን ይላሉ።»

«እኔ ነኝ የተጨቆንኩት፣ ጌታዬ» ትላለች ድርቤ፤ ሃምሳ አለቃውም ይስቃል፤ እርሷ ግን አልቀለደችም።

የ1974 ክረምት ሲወጣ ዋቅወያ መሳል ጀመረ። ሳሉ አልለቀው ሲል፣ ሲከሳና በላብ ሲነከር፣ በጠባቂ ታጅቦ ወደ ጤና ጣቢያ ተላከ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ገብረኪዳን የሸዋ ሰው ነው፤ ቁጡ ነው፤ ክኒኑን በእጁ ሲያስጨብጠው ዋቅወያ በትሕትና መለሰለት።

«ለሚያምንበት ሰው ስጡት። ለእኔ ከጓሮዬ ይመጣልኛል።»

ገብረኪዳን በማግስቱ ድርቤን አስጠርቶ ጮኸባት፤ ባል ላይ መጮህ የተሳነው ሰው ሚስት ላይ መጮህ የዚያ ዘመን ወግ ነበርና። «ንገሪው! ይህ በሽታ በጎመን አይድንም! በየቀኑ፣ ሳያቋርጥ፣ ከአንድ ዓመት በላይ መዋጥ አለበት። መርፌም ነበረው፤ መርፌውን እንኳ ትቼዋለሁ። ክኒኑን ካልዋጠ ግን ሌላ ክረምት አያይም።»

«ነግሬዋለሁ» አለች ድርቤ።

«ምን አለ?»

«ጸለየልኝ።»

ገብረኪዳን ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ከዚያ ድርቤ እጇን ዘረጋች። «ስጠኝ።»

«አይውጥም አልሽ እኮ።»

«ስጠኝ ነው የምልህ፣ ወንድሜ። የሚበላው ከእኔ ሙቀጫ አይደለም እንዴ?»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየማለዳው ክኒኑ ከቃሪያውና ከዝንጅብሉ ጋር ይወቀጣል፤ በተደፈጠጠው አንጮቴ ወይም በጎመኑ በአንደኛው ጥግ ይቀበራል፤ በላዩ ቅቤ ይፈስበታል። ድርቤ በበሩ ስትቀምስ ከሌላው ጥግ ትቆነጥራለች። ለባሏ ደግሞ ሁሉንም ጠርጎ እንዲበላ ላከችበት፤ ይህን ማስታወስ እንኳ አላስፈለገም፤ በወህኒ ትርፉ የሚጣልለት ውሻ የለም፤ ዋቅወያም የዕለቱን ማሳደር እንደ ኃጢአት ይቆጥራል። ገብረኪዳን ኋላ እንደ ተናገረው፣ ለዚህ መድኃኒት ከዋቅወያ የተሻለ በሽተኛ በወለጋ አልነበረም፤ ሌሎቹ አንድ ቀን ውጠው ሁለት ቀን ይረሳሉ፤ ዋቅወያ ግን የዛሬን በዛሬ ካላገኘ የሚጮህ ነበርና አንድም ቀን አልቀረበትም።

አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ሃምሳ አለቃ ዘነበ ከረኀብ የተነሣ ይሁን ከጥርጣሬ፣ ድርቤ ከቀመሰችበት በኩል ሳይሆን ከማዶው ጥግ በጣቱ ጭልፍ አድርጎ ጎረሰ። ፊቱ ተጨማደደ።

«ይኸ ምንድን ነው? ምን ይመራል?»

«ቆጭቆጫው ነው፣ ጌታዬ።»

«ቆጭቆጫ ያቃጥላል እንጂ ይመራል?»

«የእኔ ይመራል።»

ሃምሳ አለቃ ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ እጁን በሱሪው ጠረገ። «እንግዲህ ይህ ሰውዬ ሃይማኖቱን የያዘው ለይስሙላ አይደለም፤ ይህን በልቶ ዝም የሚል ሰው ጻድቅ ነው። ግቢ!»

በ1976 ነሐሴ፣ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ሲቃረብ፣ ለበዓሉ ክብር ከተፈቱት መካከል ዋቅወያ አንዱ ሆነ። ሳሉ ጠፍቶ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ከገባበት ይልቅ ደልቶት ወጣ። በየቀኑ ቀበሌ ቀርቦ እንዲፈርም፣ ያለ ፈቃድም ከከተማ እንዳይወጣ ታዘዘ። እርሱ ግን ከወህኒው በር ገና ሳይርቅ መመስከር ጀመረ። በመድኃኒት ሳይሆን ከእግዚአብሔር ምድር በወጣ ትኩስ ቅጠልና ሥር ድኛለሁ አለ። ጸሎት ቤቱ የተዘጋበት፣ ሽማግሌዎቹ የታሰሩበት፣ መዝሙር በሹክሹክታ የሚዘመርበት ሕዝብ እንዲህ ያለ ወሬ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም፤ ወሬው ከነቀምቴ ወጥቶ በጭነት መኪና ኡኬ ደረሰ፤ ከኡኬም አልፎ ጊዳ አያና ገባ።

የሚገርመው፣ ወሬውን ቀበሌውም ወደደው። ሊቀ መንበሩ ዋቅወያን አስጠርቶ በውይይት ክበቡ «የሰፊው ሕዝብ ባህላዊ ሕክምና» በሚል ርእስ ንግግር እንዲያደርግ ጠየቀው፤ እግዚአብሔርን ካልጠቀሰ ብቻ። ዋቅወያ እግዚአብሔርን ሳልጠቅስ አንጮቴ አልጠቅስም ብሎ ተመለሰ። ድርቤ ይህን ስትሰማ በራሷ አፈረች፤ ደርግና ጸሎት ቤቱ ስንት ዓመት ተጣልተው የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር የእርሷ ውሸት ሆኖ ተገኘ።

ለምን ዝም አለች? አስቀድሞ፣ ካወቀ ያቋርጣል ብላ ፈራች። ክኒኑ ካለቀ በኋላ ደግሞ የባሏን ፊት አየች፤ ልጁን ከቀበረ ወዲህ እንዲህ ሲያበራ አይታው አታውቅም። ማን ይጎዳል ብላ ተወችው።

በ1977 የመስቀል ሰሞን የአንጮቴ ወቅት ነበር። በዚያ ዘመን አማኞች በይፋ መሰብሰብ ስለማይችሉ የሥራ ሰበብ ይፈልጉ ነበር፤ በዚያ ሳምንትም በድርቤ ጓሮ ሴቶች ትልቅ ድስት ከበው፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ አንጮቴ በቢላ እየላጡ ተቀምጠዋል። የቀበሌ ጥበቃ በአጥሩ ብቅ ቢል የሚያየው ለበዓል የሚላጥ አንጮቴ ነው፤ የሚሰማው ደግሞ እንጉርጉሮ ነው። ከወንዶቹ ዋቅወያና የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ አናጢው ኢዶሳ ብቻ ከግንዱ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ከኡኬ የዋቅወያ እኅት ልጅ ዘርፈሽ በጭነት መኪና መጥታ ነበር። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ ባለፈው ጥር የተዳረች ልጅ ናት። በዚያ አገር የእናት ወንድም ኤሱማ ይባላል፤ ቃሉም ከአባት ቃል አያንስም። ዘርፈሽ አንጮቴውን መላጥ አቁማ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ኤሱማ፣ እኔም ምስክርነት አለኝ።»

«ተናገሪ፣ ልጄ።»

«እኔም እንደ እርስዎ ሳንባዬን ነው ያመመኝ። ኡኬ ክኒን ይሰጡኝ ነበር። የእርስዎን ፈውስ ከሰማሁ ወዲህ ግን ተውኩት። የቀረኝንም ሽንት ቤት ጣልኩት። አሁን ጎመንና አንጮቴ ብቻ ነው የምበላ፤ ያውም ያላደረ።» ተጨማሪ ልትናገር ስትል ሳል ያዛት፤ እስኪለቃት ሁሉም ጠበቁ።

«ሃሌ ሉያ» አለ ኢዶሳ ቀስ ብሎ።

«ምን ሃሌ ሉያ አለው?» አለች ድርቤ።

ሁሉም ዘወር አሉ። ቢላዋ በእጇ እንደ ያዘች ተነሥታ ቆማለች።

«አባ ነመራ» አለች፤ ባሏን ሁልጊዜ በሟቹ ልጃቸው ስም ነበር የምትጠራው፤ «ይንገሯት። ክኒኑን ትዋጥ።»

«እኔ ያልዋጥኩትን እንዴት ዋጪ እላታለሁ?» አለ ዋቅወያ በለሰለሰ ድምፅ።

«ውጠዋል!»

«ኧረ ድርቤ፣ ምን ሆነሻል?»

«ውጠዋል ነው የምልዎ! በጎመኑ ውስጥ ውጠዋል። በአንጮቴው ውስጥ ውጠዋል። እኔ በየማለዳው ወቅጬ፣ በቅቤ ሸፍኜ፣ ያንን ዳገት ወጥቼ አስውጬዎታለሁ። እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ሃምሳ አለቃ ዘነበም አንድ ቀን ውጧል፤ እርሱ ግን ቢያንስ መራራ መሆኑን አውቋል!»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቅ አመለጣትና አፏን በመዳፏ ከደነች። ሌላ ማንም አልሳቀም።

ኢዶሳ ተነሣ። «አዴ ድርቤ፣ ምን ማለትሽ ነው? የእግዚአብሔርን ክብር ወስደሽ ለገብረኪዳን ክኒን ሰጠሽ?»

«ማሎ፣ እባክዎ፣ ኦቦ ኢዶሳ! እግዚአብሔር ክብሩን እኔ ሙቀጫ ውስጥ አላኖረውም፤ አይጠፋበትም። ይህች ልጅ ግን ትጠፋለች።»

ዋቅወያ እጁን ታጠበ፤ እንደ ወትሮው በጥንቃቄ፣ ጣት በጣት፤ ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ።

ዘርፈሽ ወደ ድርቤ ተመለከተች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ታዲያ ማንን ልመን? እርስዎ የዋሹ መሆንዎን አሁን ነገሩን። ኤሱማ ግን ዋሽቶ አያውቅም። እርሱ ራሱ ዋጪ ካላለኝ አልውጥም።» በዚያው ቀን መኪና አግኝታ ወደ ኡኬ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የሆነው ለመናገር ያሳፍራል። ዋቅወያ ከሚስቱ እጅ መብላት ተወ፤ ይህ በአገሩ ከፍቺ ጥቂት የሚያንስ ነገር ነው። ራሱ ጎመን ቀቅሎ ራሱ ያሳርራል፤ ያረረውንም ያላደረ ስለሆነ ብቻ ይበላል። ከገበታው የተረፈውን ውሻው አሸትቶ ሄደ። ሽማግሌዎች ለዕርቅ መጡ፤ ኢዶሳም የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ሆኖ፣ ከጸሎት በኋላ፣ ድርቤ በቁጣ ተናገርኩ፣ ክኒኑ እውነት አልነበረም ብትል ሁሉ ነገር ይበርዳል ሲል አሳቡን አቀረበ።

«እውነቱን ውሸት ነው እንድል ነው በጸሎት የከፈታችሁት?» አለች ድርቤ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ጓሮ ውስጥ አገኘችው፤ የአንጮቴውን ሐረግ ከድጋፉ ላይ እየፈታ ነበር።

«ዘርፈሽ እየጠበቀችዎት ነው» አለችው።

«በወህኒ ሁሉን ወሰዱብኝ» አለ ሐረጉን ሳይለቅ፤ «መጽሐፌን፣ ልብሴን፣ ሕዝቤን። አንድ ነገር ቀርቶልኝ ነበር። ይህ ጉርሻ ከእግዚአብሔር እጅ ነው እያልኩ እጎርስ ነበር። እሱንም አንቺ ወሰድሽው።»

«ከእጄ ነበር የሚጎርሱት፣ አባ ነመራ። እጄን ማን ሠራው?»

ሐረጉን መፍታቱን ቀጠለ። «ነመራን ክኒን አላዳነውም።»

«አላዳነውም» አለች ድርቤ። «ጎመንም አያድነውም ነበር።»

ድርቤ የወደቀውን ሐረግ ሰብስባ ወደ ጥግ ወሰደችው።

በኅዳር ወር፣ በነቀምቴና በኡኬ መካከል ጨው የሚያመላልሰው የጉራጌው ነጋዴ ወልደሩፋኤል ዘርፈሽ ደም መትፋቷን ይዞ መጣ። ዋቅወያ ኮቱን ለብሶ ቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄዶ የመውጫ ፈቃድ ለመነ። ሊቀ መንበሩ ንግግሩን አስታወሰው፤ በውይይት ክበቡ ስለ ባህላዊ ሕክምናው ከተናገረ ፈቃዱ አይገድም አለ።

«ንግግሩ ውሸት ይሆናል፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«እንዴት ውሸት ይሆናል? አልዳንክም?»

ዋቅወያ ለእስረኛ የተሸሸገ ነገር ማስገባት በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስከትል ያውቃል፤ እውነቱን ቢናገር የምትታሰረው ድርቤ ናት። እጅ ነሥቶ ወጣ። ከቀበሌው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብረኪዳንን ክኒን ስጠኝ አለው፤ ገብረኪዳንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ሰጠው። ከዚያ በወልደሩፋኤል መኪና ላይ፣ በጨው ጆንያዎቹ መካከል ተኝቶ፣ ሸራ ተከናንቦ ኬላውን አለፈ።

ዘርፈሽን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አገኛት። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። በአጠገቧ በትኩሱ የቀረበላት ጎመን ሳይነካ ቀዝቅዟል። ዋቅወያ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠ፤ ሰባኪ ነበርና በመንገድ ላይ ብዙ ቃል አዘጋጅቶ ነበር፤ አሁን አንዱም አልመጣለትም።

«ድርቤ ያለችው እውነት ነው» አለ።

«ኤሱማ...»

«እውነት ነው። የዳንኩት በእርሷ እጅ፣ በዚህ ክኒን ነው። ምግቡም አቆመኝ፤ ገብረኪዳን እንኳ ባይበላ አይድንም ነበር ብሏል። ግን ምግቡ ብቻውን አልነበረም። ለሰው ሁሉ ያልሆነውን ሆኗል ብዬ መሰከርኩ። አንቺም ሰማሽኝ።»

ዘርፈሽ አለቀሰች። «እንግዲህ ያ ሁሉ ስለ መናው ያስተማሩን ከንቱ ነው?»

ዋቅወያ ክኒኑን በመዳፉ ላይ አገላብጦ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። «መናውንም ቢሆን ለመልቀም በየማለዳው መነሣት ነበረባቸው» አለ። «ያልተነሣ አልበላም። ይኸም በየማለዳው ነው አሉ። አንድ ቀን መተው የለም።»

«ይመራል፣ ኤሱማ። በአንጮቴ ውስጥ ይደረግልኝ?»

«አይደረግም» አለ። «በውኃ፤ እያየሽው። እኔ ሳላውቅ ዋጥኩ፤ አንቺ አውቀሽ ዋጪ።»

ዋጠች። እርሱም በማግስቱ ጠዋት እንደገና እስክትውጥ ድረስ ከዚያ መደብ አልተነሣም።

በመመለሻው ኬላው ላይ ተያዘ። ያለ ፈቃድ ከከተማ በመውጣትና ሃይማኖት በማስፋፋት ተከሶ እስከ ተከታዩ ፋሲካ ታሰረ። ድርቤም እንደገና ዳገቱን ወጣች፤ በየማለዳው፣ ያላደረ ይዛ፤ እየተማረረች። ሃምሳ አለቃ ዘነበ ከሩቅ አይቷት ራሱን ያዘ። ዋቅወያ ግን የመጣለትን ሁሉ ምን እንዳለበት ሳይጠይቅ ይበላ ነበር፤ ለድርቤም ይህ የተላከላት ይቅርታ መሆኑ ገባት፤ በቃል ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ግን ተቀበለችው።

ዘርፈሽ ሕክምናውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ፣ በመርፌም በክኒንም ጨረሰች። አንደኛው ሳንባዋ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ዳገት ሲሆን ትቆማለች። ሁለት ልጆች ወለደች።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ጸሎት ቤቱ ሲከፈት ትልቅ በዓል ሆነ። ኢዶሳ፣ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ፣ በመድረኩ ላይ የስደቱን ዘመን ታሪክ ተረከ፤ በወህኒ ሳለ በትኩስ አንጮቴና በጎመን ብቻ ከሳንባ ነቀርሳ ስለ ተፈወሰው አገልጋይ፣ በዚያው ምግብ ደግሞ ስለ ተፈወሰች የእኅቱ ልጅ ተናገረ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ዋቅወያ፣ በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ፣ ሊያርም ተነሣ። «ወንድሞቼ፣ ነገሩ እንዲህ አልነበረም፤ ክኒን...» ብሎ ሲጀምር መዘምራኑ ሊባርክ የተነሣ መሰላቸውና መዝሙር አነሡ። ቆሞ ጠበቀ። መዝሙሩ ረጅም ነበር። ሲያልቅ ሌላ አነሡ።

ዋቅወያ በቀረው ዕድሜው ለጠየቀው ሁሉ እውነቱን ተናግሯል፤ ሰሚዎቹ ግን እንዴት ትሑት ሰው ነው እያሉ ሄዱ፤ ሲያወሩትም ትሕትናውን ጨምረው ክኒኑን ቀነሱ። በመንግሥት መዝገብ የቀረው ደግሞ ያለ ፈቃድ ወደ ኡኬ የተደረገ ጉዞ ነው። ጸሎት ቤቱ አንጮቴውን አስታወሰ፤ ቀበሌው ጥፋቱን አስታወሰ፤ አንድ ሰው በጨው ጆንያ መካከል ተኝቶ፣ ተሳስቻለሁ ለማለት ያን ያህል መንገድ መሄዱን ግን ሁለቱም አልፈለጉትም። ምናልባት ታሪክ እንዲህ ነው፤ ሊዘመር የሚችለውን ይይዛል።

በዚያ የበዓል ቀን ዋቅወያ ሁለተኛው መዝሙር ሲጀመር በተስፋ መቁረጥ ወደ ሴቶቹ ረድፍ ዘወር ብሎ ተመለከተ። ድርቤ ከዘርፈሽ አጠገብ ቆማለች። ከንፈሯን መጠጠች፤ ከዚያ እርሷም ከሕዝቡ ጋር ዘመረች፤ ምን ታድርግ።